የተዘጋ ስም

የአክስቴን ስም እዚህ አልጽፈውም። ማወቅ የፈለገ ሜሪክ ዌል ድረስ ይምጣና ከመናፈሻው በር ላይ ያንብበው፤ ከንቲባው የሰው ቁመት በሚያክል ፊደል አስቀርጾታል። እኔ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ዓይኔን መሬት ላይ እተክላለሁ፤ ደሜ ግን ይፈላል።

እኛ የአገሩ ነባር ሰዎች ዘንድ ሰው ሲሞት ስሙ ይዘጋል። ቤተሰቡ ለቅሶውን ጨርሶ፣ ቤቱን በቅጠል ጢስ አጥኖ፣ ራሱ እስኪከፍተው ድረስ ማንም አይጠራውም። ስሙን የሚጋራ ሌላ ሰው ካለ እሱም የራሱን ያስቀምጥና «ኩማንጃይ» ይባላል። ሟች ስሟ ሲጠራ ትሰማለች፤ ስትሰማ ትዞራለች፤ ከዞረች መንገዷን ትስታለች። ነገሩ ይኸው ነው። የአክስቴ የልጅ ልጅ በእሷ ስም የተጠራች ናትና ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ ኩማንጃይ ሆናለች። ከሲድኒ የመጣችው አዲሷ አስተማሪዋ እንኳ በአንድ ጠዋት ለመደችው። «ኩማንጃይ፣ ቁጭ በይ» ትላታለች፤ ልጅቷም ቁጭ ትላለች። ሰማዩ አልተደፋም።

የመናፈሻው ጣጣ የቆየ ነው። ቦታው ከአሸዋማው ወንዝ ዳር ነው፤ ዓለም ገና ስትሠራ ሁለት እህትማማቾች በእጃቸው ቆፍረው ውኃ ያወጡበት፣ ስሙም ኩርላንጋ የሚባል። ከዚያ ሀርግሬቭ የሚባል ባለከብት መጣና ለላሞቹ አጠረው። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ እንደሚባለው፣ ከየት እንደመጣ የማናውቀው ሰው የአገሩ ጌታ ሆኖ ቁጭ አለ። አጥሩን ተሻግሮ ውኃ ሊቀዳ የሄደ የአያቴ ወንድም አልተመለሰም፤ የተሰማው የጥይት ድምፅ ብቻ ነው። ቆየት ብሎም አክስቴና ታላቅ እህቷ ደልሲ ገና ልጆች ሳሉ፣ የተረፈውን ቤተሰብ በሙሉ በከብት መኪና ጭነው ከዚያ አነሡት። ሀርግሬቭ ሲሞት ከተማው ቦታውን ሣር አልብሶ፣ ለልጆች መንሸራተቻ ተክሎ፣ የሀርግሬቭ መናፈሻ አለው። የእሱን ስም ማንም አልዘጋውም።

አክስቴ ደልሲ በእርጅናዋ የመንግሥት ቤት ሲደርሳት ልክ ከመናፈሻው ፊት ለፊት ሆነ። ከበረንዳዋ ሆና ሣሩን ስታይ ውኃው ሥሩ የት ጋ እንዳለ ታውቃለች። «ዞሮ ዞሮ ከቤት» እያለች ትስቅ ነበር። ሟቿ አክስቴ ግን መሳቅ አልበቃትም። በየዓመቱ ማዘጋጃ ቤት እየሄደች የቦታው ስም ይመለስ ስትል ኖረች። በየዓመቱም አዲስ ሰበብ ይሰጧታል። አንድ ጊዜ ቱሪስት ግራ ይጋባል አሏት። አንድ ጊዜ ደግሞ ሰው ቢጎዳ ኩርላንጋ ብሎ አምቡላንስ መጥራት ያቅተዋል አሏት። እነዚህ ሰዎች የፈረንሳይ ወይን ስም ሲጠሩ ምላሳቸው አይተሳሰርም፤ የእኛ ስም ሲሆን ነው አፋቸው የሚሰበረው። አክስቴ ሰበቡን ሰምታ፣ ሻይዋን ጠጥታ፣ «በሚቀጥለው ዓመት እንገናኝ» ብላቸው ትወጣለች። በመጨረሻ ሳይገናኙ ሞተች።

ሥራዬ የክሊኒኩን ሚኒባስ መንዳት ነው፤ ኩላሊታቸው የደከመ አሮጊትና ሽማግሌዎችን ለእጥበት አመላልሳለሁ። ያን ቀን አክስቴ ደልሲ ከጎኔ ተቀምጣለች። ከኋላ ሁለት አሮጊቶች በካንጋሮ ጅራት አጠባበስ ይነታረካሉ።

«አንቺ ጅራት መች ታውቂያለሽ፤ ፀጉሩን በደንብ ሳታሳርሪ ነው አመድ ውስጥ የምትቀብሪው» ትላለች አንዷ።

«ባልሽ ግን የእኔን ነበር የሚበላው» አለቻት ሌላዋ።

ሚኒባሱ በሳቅ ተናጋ። አክስቴ ደልሲም ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ሬዲዮኑ የከተማውን ወሬ እያወራ ነበር፤ ማንም አልሰማውም። በዚያው መሃል ሰውየው የሀርግሬቭ መናፈሻ ስሙ ሊለወጥ ነው፣ ከእንግዲህ የሚጠራው በምንወዳት እናት ስም ነው አለና የአክስቴን ስም ከነአባቷ አንበለበለው። ሬዲዮኑን በቡጢ መትቼ አጠፋሁት። ከኋላ ያሉት ሁለቱ አንገታቸውን ደፉ። አክስቴ ደልሲ እጇን አፏ ላይ ጭና በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች።

«ሰማች» አለች። «አሁን ሰምታለች።»

ሁሉንም ክሊኒክ አውርጄ በቀጥታ ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። ከንቲባው ግራንት ፔትሪ ይባላል፤ አክስቴ ስትቀበር ፊት ለፊት ቆሞ ዓይኑን ሲጠርግ የነበረ ነው። ሲያየኝ ተነሥቶ እጁን ዘረጋ።

«ግሌኒስ! ግቢ፣ ግቢ። ሰማሽ አይደል?»

«ሰምቻለሁ። ስሙን ያውርዱት።»

«የሀርግሬቭን? እሱማ ወረደ።»

«በእሱ ቦታ ሊሰቅሉ ያሰቡትን ነው የምለው።»

«የቱን ስም? እስኪ ጥሪው» አለ እየሳቀ። «ለምን ታፍሪበታለሽ? እኛ ኮርተንበታል።»

አፌን ዘግቼ አየሁት። ሊያላግጥብኝ አልነበረም፤ ከልቡ ነው። ንዴቴን ያባሰውም እሱ ነው፤ በክፉ ሰው ላይ መጮህ ይቀላል።

«ለቅሶ ላይ ነን» አልኩት። «ስሟ ዝግ ነው። ቤተሰቡ እስኪከፍተው ድረስ አይጠራም፤ እንኳን በር ላይ ሊጻፍ።»

«እስከ መቼ?»

«አክስቴ ደልሲ አለቀ እስክትል።»

«መቼ ትላለች?»

«ሲያልቅ።»

ወንበሩ ላይ ተደገፈ። «ግሌኒስ፣ ሚኒስትሯ በአውሮፕላን ትመጣለች። ቀኑ ተቆርጧል። ለክብሯ ነው እኮ የምንደክመው።»

«እሷ የጠየቀችው የቦታውን ስም ነው። የራሷን ስም መቼ ጠየቀች?»

«ኩር... ኩርላ... እሱን ስም ሰው አይዘውም። የእሷን ግን ሁሉም ያውቀዋል፤ ሁሉም ይወዳታል።»

«ከሞተች በኋላ ነው የወደዳችኋት። ኩርላንጋ ብላችሁ ብትጽፉ ሰው ምን ማለት ነው ብሎ ይጠይቃል፤ ሲጠይቅ ውኃው ይመጣል፣ አጥሩ ይመጣል፣ ሀርግሬቭ ይመጣል። የእሷን ስም ስትጽፉ ግን ደግ አሮጊት ነበረች ብላችሁ ትገላገላላችሁ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ሲሉ እሰማ ነበር፤ አንተ ግን አላዋቂ መሆንህንም እንጃ።»

አንተ ስለው ፊቱ ቀላ። ድምፁን ግን አላነሣም።

«ስሙ ሲወሰን የራሳችሁ ሰው ስብሰባው ላይ ነበረ» አለኝ። «ሬጂ። ስሟን ስጠራ አንገቱን ደፋ። አንድ ቃል አልተነፈሰም። እኛም አብረነው አንገታችንን ደፋን። በጣም ልብ የሚነካ ጊዜ ነበር። ከዚያ በሙሉ ድምፅ አለፈ።»

ሬጂ የሟቿን ልጅ ያገባ ነው። ከእኛ ወገን ማዘጋጃ ቤት ወንበር ያለው እሱ ብቻ ነው፤ እዚያ ያስገባነውም እኛው ነን፣ ቤት ለቤት ዞረን፣ ሬጂን ምረጡ ብለን ለምነን። ቤቱ ስደርስ ዛፍ ሥር ተቀምጦ የመኪናውን ጎማ ይፈታል። ሰላምታ አልሰጠሁትም።

«እዚያ ያስቀመጥንህ ዝም እንድትል ነው?»

መፍቻውን አስቀመጠ። «ተቀመጪ፣ እህቴ።»

«አልቀመጥም። አንገቱን ደፋ ይላል ሰውየው። አንገት ለመድፋትማ በግ እንመርጥ ነበር።»

«ምን ልበል?» አለ ሬጂ። «አማቴ ናት። ልጇን ካገባሁ ጀምሮ በሕይወት ሳለች እንኳ ስሟን አፌ ውስጥ አላስገባሁም። እሷ በግራ ስትመጣ እኔ በቀኝ ስሄድ፣ ጀርባዬን ሰጥቻት ስቀመጥ ኖርኩ። አንቺ ታውቂያለሽ። ክብር ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ሰውየው ድንገት ተነሣና ስሟን በዚያ ሁሉ ሰው መሃል ጮኸው። ሁለቴ። ቀዝቃዛ ውኃ የተደፋብኝ ነው የመሰለኝ። አንገቴን ደፋሁ። ሌላ ምን ይደረጋል? ስትለቅሺ ስሙ ከተጠራብሽ ዝም ነው የምትይው። ሁሉም ዝም አሉ። እነሱም ገባቸው ብዬ ደስ አለኝ እኮ! ከዚያ አንዱ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ አይዞህ አለኝ። ድምፅ እንደሰጠሁ ያወቅኩት ውጭ ከወጣሁ በኋላ ነው።»

«ተነሥተህ አይሆንም ማለት ነበረብህ።»

«የቱ ነው የማይሆነው ይሉኛላ። ስሟን ይደግሙታል። ሬጂ በእገሊት ስም አልተስማማም ይላሉ። በተቃወምኩ ቁጥር ይጠሯታል።»

ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የሬጂ ዝምታ ግን በእነሱ እጅ ገብቶ ነቀዘ። እኛ ዘንድ ትልቁ ተቃውሞ የሆነውን እነሱ ዘንድ ስምምነት አደረጉት፤ ሬጂን የያዙት በጨዋነቱ ነው። ተናድጄ እንደሄድኩ ተናድጄ ተመለስኩ፤ በእሱ ላይ ግን መሆኑ ቀረ።

ለአክስቴ ደልሲ ሁሉንም ነገርኳት። «በዓሉ ላይ እሄዳለሁ» አለች።

«ምን ልታደርጊ? ለእነሱ ፎቶ ልትሆኚ?»

«እነግራቸዋለሁ። አንቺ ስትናገሪ ትጮኺያለሽ፤ የሚጮህ ሰው አይሰማም። አሮጊት ስትናገር ይሰማሉ።»

«እኔ የምጮኸው በሹክሹክታ ስለማይሰሙ ነው።»

«አባትሽም እንዲህ ነበር» አለችና ሻይዋ ላይ ስኳር ጨመረች፤ ክሊኒኩ የከለከላትን።

የበዓሉ ቀን ከተማው ሁሉ ወጣ። ድንኳን ተተክሏል፣ ባንዲራችን ከባንዲራቸው ጎን ተሰቅሏል፣ ቋሊማ በዳቦ ይታደላል። በሩ ላይ ያለው ትልቅ ሰሌዳ በሰማያዊ ጨርቅ ተሸፍኖ ገመድ ወርዶለታል። ሚኒስትሯ ንግግር አደረገች፤ ከሀርግሬቭ ጥይት በቀር ያልጠቀሰችው ነገር የለም። ከንቲባውም በበኩሉ ስለ አክስቴ ትዕግሥት አወራ። ትዕግሥቷን የጨረሰው ማን ሆነና! ከዚያ አክስቴ ደልሲን ጠራና ገመዱን እጇ ላይ አስያዛት። ፎቶ አንሺው ተንበረከከ።

ግንባሯን ነጭ የለቅሶ አፈር ተቀብታ ነበር። ማንም ለምን እንደሆነ አልጠየቃትም፤ ለበዓሉ የተዋበች መስሏቸዋል። ገመዱን ሳትስብ ማይክሮፎኑን ወሰደች።

«ልጄ፣ ጨርቁ ይቆይ» አለችው ከንቲባውን። «እህቴ ገና መንገድ ላይ ናት። እስክትደርስ ስሟን አትጥሩት፤ ትዞራለች። ለቅሶውን ስንጨርስ እኔ ራሴ መጥቼ ጨርቁን እከፍተዋለሁ። ያኔ ከፈለግህ በወርቅ ጻፈው። እስከዚያ ድረስ ይህ ቦታ ስም አለው። ኩርላንጋ ነው። ሁላችሁም ልትሉት ትችላላችሁ። ኩርላንጋ።»

ከፊት የተቀመጡ የነጭ ሕፃናት «ኩርላንጋ» አሉ፤ አንዱም ምላሱ አልተሳሰረም። ሰዉ አጨበጨበ። ለአንዲት አፍታ እኔ ሞኟ ጉዳዩ አለቀ ብዬ አመንኩ፤ አሮጊት ስትናገር ይሰማሉ ያለችውም እውነት መሰለኝ። ከንቲባው ዓይኑ እንባ አቅርሮ አቀፋት። ቀስ ብሎ ማይክሮፎኑን ከእጇ ተቀበለ።

«እንዴት ያለ ልብ የሚነካ ንግግር ነው» አለ። ገመዱንም ሳበው።

ጨርቁ ወረደ። እኛ ጀርባችንን ሰጠን። ማንም አላዘዘንም፤ ሽማግሌው፣ ሕፃኑ፣ ኳስ ተጫዋቹ፣ ሁላችንም እኩል ዞርን። ጭብጨባው ከኋላችን ቀጠለ። ይህ እንኳ አልበቃ ብሎት ሰውየው ድምፁን ከፍ አደረገ።

«እስኪ ሁላችንም ባንድነት ስሟን እንጥራ» አለ። «ያለችበት ትስማን።»

ጠሩት። ከተማው በሙሉ፣ ከነሚኒስትሯ፣ በአንድ ድምፅ። ከዚያ ደገሙት። ኩማንጃይ ከአጠገቤ ነበረች፤ ጆሮዎቿን በሁለት እጄ ደፈንኩላት፤ ልጅቷ ግን የራሷም ስም ነውና ከማንም ከንፈር ሳታነብ አወቀችው፣ ፊቷን ልብሴ ውስጥ ቀበረች። የእኔን ጆሮ የሚደፍንልኝ አልነበረም። በቁስል ላይ እንጨት መስደድ ሲሉ እሰማ ነበር፤ እንጨቱን እያጨበጨቡ ሲሰዱት ያየሁት ያን ቀን ነው።

ያን ጊዜ ሬጂ ኮቱን አወለቀ። ጀርባውን ለሰሌዳው ሰጥቶ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ የኋሊት እየተራመደ ሄደ፤ ሊያየው አይችልማ። ሰዎች ተደናቅፈው መንገድ ለቀቁለት። በሩ ጋ ሲደርስ እጁን ወደ ኋላ አንሥቶ ኮቱን ሰሌዳው ላይ ጣለው። ኮቱ ሁሉንም አልሸፈነም። አንድ የጥበቃ ሰው በትሕትና አንሥቶ፣ አጥፎ፣ መለሰለት። ሬጂ እንደገና ጣለው። ሰውየው እንደገና አነሣው። ስንተኛው ላይ እንደሆነ እንጃ ሁለት ፖሊሶች መጡና ክንዱን ይዘው ወሰዱት። ይኸው ሰውዬ በዝምታው ጊዜ አይዞህ ተብሎ ነበር፤ በኮቱ ሲናገር ግን ፖሊስ መጣ። በሳምንቱ ወንበሩን ለቀቀ።

አክስቴ ደልሲ ግን ወደ ቤቷ መግባት አቃታት። በሩን ስትከፍት፣ በረንዳው ላይ ስትቀመጥ፣ ምንጣፍ ስታራግፍ፣ ሰሌዳው ፊት ለፊቷ ነው። እኛ ሰው የሞተበትን ቤት ለቀን እንሄዳለን፤ አክስቴ ደልሲ ግን እህቷ ያልሞተችበትን ቤት መልቀቅ ግድ ሆነባት። ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ካለው የእኔ ቤት እንድትገባ ተስማማን። ፍራሿን፣ ማንቆርቆሪያዋን፣ ማንንም የማይወደውን ውሻዋን ሚኒባሱ ላይ ጫንን። ውሻው ነከሰኝ።

«አንቺን ብቻ አይደለም» አለች አክስቴ ደልሲ፤ «ያላወቀውን ሰው ሁሉ ይነክሳል። ከንቲባውን ግን አልነከሰውም፤ የማይረባ ውሻ ነው።»

ከኩርላንጋ ሁለቴ ነው ያስነሧት። አንዴ በልጅነቷ በሀርግሬቭ አጥር፣ አንዴ በእርጅናዋ በእህቷ ስም። የመጀመሪያውን ያደረጉት ሰዎች ቢያንስ አላጨበጨቡም።

መንገድ ስንጀምር በወንዙ በኩል እንዳዞር ነገረችኝ። ከዚያ ወገን መናፈሻው አጥር የለውም፤ ሰሌዳውም አይታይም። ቆምኩላት። በበትሯ እየተደገፈች ሣሩን ተሻግራ ውኃው ያለበት ቦታ ላይ ደረሰች፤ ምንም ምልክት የለውም፣ እሷ ግን ቀጥታ ሄደችበት። ሁለት ልጆች መንሸራተቻው ላይ ይጫወታሉ። አንደኛው «አያቴ፣ ኩርላንጋ!» ብሎ እጁን አወዛወዘላት፤ በዓሉ ላይ ከፊት ከተቀመጡት አንዱ ይሆናል። እሷም አወዛወዘችለት።

ከዚያ በጉልበቷ ተንበረከከች። ልረዳት ስሮጥ በእጇ ከለከለችኝ። ሣሩን በጣቶቿ እየነቀለች አሸዋው እስኪወጣ ቧጨረችው፤ አሸዋው እርጥብ ነበር። መዳፏን እዚያ ላይ አስቀምጣ ጎንበስ አለችና በቋንቋችን፣ ዝቅ ባለ ድምፅ አወራች። ስም አልጠራችም።

«እህቴ፣ ሲጠሩሽ እንዳትዞሪ» አለቻት። «የሚጠሩሽ እኛ አይደለንም።»